የጎንቻ ልጆች ዐይን

ትራኮማ፣ ሕዝቡ የዐይን ማዝ የሚለው በሽታ፣ በእጅ፣ በጨርቅና ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባክቴሪያ ሕመም ነው። አንድ ጊዜ ቢይዝ እምብዛም አይጎዳም። በልጅነት ሲመላለስ ግን የዐይን ቆብን ውስጡን ያቆስላል፤ ጠባሳው ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን እየነቀሉ የሚኖሩት የጎጃም እናቶች ሕመማቸው የጀመረው ገና በልጅነታቸው ነው።

ምርመራው ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። መርማሪው የላይኛውን ቆብ በጣቱ ገልብጦ፣ 2.5 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ያያል። ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸው 5 ነጫጭ እብጠቶች ከተገኙ ልጁ ታሟል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች 62.6 በመቶው በሽታው ተገኝቶባቸዋል።

የቀድሞው መድኃኒት የቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር። በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት መቀባት ስላለበት የሚጨርሰው ልጅ ጥቂት ነበር። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ይህን ለወጠ፤ የልጁ ቁመት በዘንግ ይለካና መጠኑ ታውቆ በአንድ ጊዜ ይዋጣል። ተማሪዎችን ብቻ ማከም ግን አይበቃም፤ በሽታው የሚበረታው ፊደል ባልቆጠሩት ታናናሾች ላይ ነውና፣ የታከመው ተማሪ ቤቱ ሲገባ እንደገና ይያዛል።

በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው ጥናት ለዚህ መልስ ሰጠ። በ72 ንዑስ ቀበሌዎች የተለያየ የሕክምና ስልት ተሞከረ። በአንደኛው ምድብ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ብቻ በየ3 ወሩ መድኃኒቱን ወሰዱ። በዓመቱ በልጆቹ ላይ ኢንፌክሽኑ ከ48.4 ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ መድኃኒቱን ባልቀመሱት ትልልቆች ላይም በግማሽ ግድም መቀነሱ ነው፤ ልጆቹ ሲድኑ ለቤተሰቡ የሚተርፈው በሽታ አነሰ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ውጤት ደግሞ፣ በታከሙት ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካልታከሙት በግማሽ ያህል ያነሰ እንደነበር አሳየ። ለዐይን የተሰጠ መድኃኒት ሕይወትንም አተረፈ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በአማራ ክልል ይኸው መድኃኒት የሚታደልበት የወባና የትራኮማ ሳምንት ተጀመረ። መድኃኒቱ ለዓመታት ቢታደልም በሽታው ከብዙ ወረዳዎች አልጠፋም። ክኒን የያዘውን ያድናል እንጂ ዳግመኛ መያዝን አይከለክልም፤ ይህን ለመከላከል የሚመከረው ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት ነው። ስለዚህ ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት ከምንም በፊት ውሃ ሊገባለት ይገባል።