የሜንዶታ ሐይቅ የሚረጋበት ቀን

በሰሜን አሜሪካ፣ የዊስኮንሲን ግዛት መዲና ከሆነችው ከማዲሰን ከተማ አጠገብ ሜንዶታ የሚባል ሐይቅ ይገኛል። ስፋቱ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ በጠለቀበት ቦታ 25 ሜትር ይወርዳል። በየዓመቱ ብርዱ ሲበረታ የሐይቁ ገጽ ረግቶ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ከጠነከረ በኋላም ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ሐይቁ የሚረጋበትና በረዶው የሚሰበርበት ቀን ከ1850ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ ሲመዘገብ ኖሯል።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሆቸንክ ይባላል። አገሩን «ቴጆፕ» ይለዋል፤ ትርጉሙም «አራት ሐይቆች» ማለት ነው። ጥንታውያኑ ነዋሪዎች ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሐይቁ ዳር በወፍና በድብ አምሳል የአፈር ጉብታዎችን ሠርተዋል። ከነዚህም አንዱ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ሲሆን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 190 ሜትር ያህል ይሆናል። በ1832 በተደረገው ውል ሆቸንኮች ይህን ምድር እንዲለቁ ተገደዱ። በተደጋጋሚ ቢባረሩም ብዙዎቹ ተመልሰው መጥተዋል።

ሐይቁ በአንድ ሌሊት ብርድ ብቻ አይረጋም። ውኃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሆነ፣ በመጸው ወራት የቀዘቀዘው የላይኛው ውኃ ወደ ታች እየሰመጠ ሐይቁን ሁሉ ያማስለዋል። ውኃው በሙሉ ወደዚያ መጠን ሲደርስ ግን ከዚያ የበለጠ የቀዘቀዘው ቀሎ ከላይ ይቀራል፤ ነፋስ ጸጥ ባለበት ብርዳም ሌሊትም ይረጋል። ሜንዶታ ጥልቅ በመሆኑ የበጋውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ከዚህ የተነሣ ጥልቀት የሌላቸው ጎረቤቶቹ ቀድመውት ይረጋሉ።

ይህም መዘግየት ለአእዋፍ ትልቅ ነገር ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ከአርክቲክ ምድር ተነሥተው ወደ አትላንቲክ ጠረፍ የሚጓዙ ነጫጭ ስዋኖች በሐይቁ ላይ ያርፋሉ። የካናዳ ዝዮችና ኩት የሚባሉት ጥቁር የውኃ ወፎችም ከእነርሱ ጋር ይሰፍራሉ። በረዶው ከዳር እየገፋ ክፍቱን ውኃ ሲያጠብበው፣ ራሰ ነጭ ንስሮች በበረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው የደከመውን ወፍ ይጠባበቃሉ። ገጹ ሁሉ ከረጋ በኋላ ስዋኖቹ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቁ ለከተማው ሰው መተዳደሪያም ነበር። በረዶው በመጋዝ እየተቆረጠ ለምግብ ማቆያ ይሸጥ ስለነበረ፣ የሚረጋበትን ቀን ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነበር። «ረጋ» ለማለትም ቀላል መለኪያ ተለመደ፤ ይኸውም ፒክኒክ ፖይንት ከተባለው ልሳነ ምድር እስከ ሜፕል ብላፍ ዳርቻ በጀልባ ቀዝፎ መሻገር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ነው።

በ1875 ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጣው ኤድዋርድ በርጅ፣ በኋላም ከቻንሲ ጁዴይ ጋር በመሆን፣ ሜንዶታን በዓለም እጅግ ከተጠኑት ሐይቆች አንዱ አደረገው። የበረዶው መዝገብ ሙሉ ዋጋ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በ2000 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ጆን ማግነሰንና ባልደረቦቹ ከሰሜናዊው የምድር ክፍል ሐይቆችና ወንዞች የተሰበሰቡ 39 መዝገቦችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ከ1846 እስከ 1995 ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በየመቶ ዓመቱ ውኃው የሚረጋበት ቀን 5.8 ቀን ዘግይቷል፤ በረዶው የሚሰበርበትም 6.5 ቀን ቀድሟል።

በሜንዶታም ነገሩ ጎልቶ ይታያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በረዶው በአማካይ አራት ወር ያህል ይቆይ ነበር፤ በቅርብ አሥርተ ዓመታት ግን ከሦስት ወር በታች ወርዷል። በ1880/81 ለ161 ቀን የቆየው በረዶ፣ በ2001/02 የቆየው ለ21 ቀን ብቻ ነበር። በረዶውን በስቶ ዓሣ ለሚያጠምድና በላዩ ለሚሻገር ሰው፣ የሳሳ በረዶ የሕይወት አደጋ ነው።

አንዱ ብርዳም ወይም አንዱ ሞቃት ዓመት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ምስክር የሆነው በተመሳሳይ መለኪያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ተራ ጽሑፍ ነው። ቀኑን በመጀመሪያ የጻፉት ሰዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ያዩትን በታማኝነት ጻፉ፣ ተከታዮቻቸውም መለኪያውን ሳይለውጡ ቀጠሉ። ከመካከላቸው አንዱ ትውልድ ሥራውን ከንቱ ነው ብሎ ትቶት ቢሆን ኖሮ፣ የኋለኛው ሊቅ ሁሉ ሊተካው የማይችለው ክፍተት በተፈጠረ ነበር።