ጦርነቱ የሁሉ፣ ትእዛዙ የአንድ ሰው
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የወጣ)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጦርነት ነው። ጦርነቱ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ተጀመረ። በ1970 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አበቃ። ስለ ውጊያው ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ነገር እንጠይቃለን። ሕዝቡ ምን አለ? ዝመቱ ብሎ የወሰነውስ ማን ነው?

ከሁሉ በፊት ሁለት ቃላት እንይ። የመጀመሪያው «ጣልቃ ገብነት» ነው። ጣልቃ መግባት ማለት ሳይጠሩ በሰው ነገር መግባት ነው። ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ጎረቤት ዘሎ ቢገባ «ጣልቃ ገባ» እንላለን። አንድ መንግሥት ጦሩን ይዞ የሌላውን አገር ድንበር ሲያልፍ ግን ነገሩ ከጎረቤት ወሬ በጣም ይከፋል። ሁለተኛው ቃል «ገደብ የሌለው ሥልጣን» ነው። ልጓም የሌለው በቅሎ አይታችኋል? የተሳፈረውንም፣ በመንገድ ያገኘውንም ይጥላል። ልጓሙ ሕግ ነው። ልጓሙ ምክር ቤት ነው። ልጓሙ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሕዝብ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ያላችሁ አድማጮች፣ ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይምሰላችሁ። ከኮልፌ ተነስታችሁ፣ አስኮን አልፋችሁ፣ በቡራዩ በኩል የአምቦን መንገድ ብትይዙ ታጠቅ የሚባል ጦር ሰፈር አለ። ታጠቅ ማለት ወገብህን እሰር፣ መሣሪያህን ያዝ ማለት ነው። የአፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስምም አባ ታጠቅ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ገበሬ የሠለጠነው እዚያ ነው። ሞፈሩን ጥሎ የመጣ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው በእነዚህ መንገዶች አልፏል።

እንግዲህ ታሪኩን ከሥሩ እንያዝ። ሶማሊያ ነፃ የወጣችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ምርጫ ነበራት፤ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤትም ነበራት። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ አብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬ ተገደሉ። ሳምንት ሳይሞላ ጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ያዘ። ጄኔራል ሲያድ ባሬ የአገሪቱ መሪ ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ ታገደ። ምክር ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በሞቃዲሾ «ይህ አይሆንም» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው ጠፋ።

የሶማሊያን ባንዲራ ያየ ሰው መካከሉ ላይ ያለውን ኮከብ ያስታውሳል። ኮከቡ አምስት ጫፍ አለው። አምስቱ ጫፎች ሶማሌዎች የሚኖሩባቸው አምስት አገሮች ናቸው። ሁለቱ ተዋሕደው ሶማሊያ ሆነዋል። የቀሩት አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ፣ አንዱ ደግሞ የእኛ ኦጋዴን ነው። ሲያድ ባሬ ኮከቡን በጦር ኃይል ልሙላ አሉ። ጊዜውም ተመቻቸላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ወርደዋል። ደርግ እርስ በርሱ ይገዳደላል። በኤርትራ ጦርነት አለ። አሜሪካም ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን የጦር መሣሪያ እየቆረጠች ነበር።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር በታንክና በመድፍ ድንበር አልፎ ገባ። ታዲያ የሶማሊያ መንግሥት ምን አለ? «የሚዋጉት የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪዎች ናቸው፤ የእኛ ጦር የለበትም» አለ። ይህን እስከ 1970 ዓ.ም. የካቲት ድረስ ሲል ቆየ። እስቲ አስቡት! አንዲት የሞቃዲሾ እናት ልጇ ኦጋዴን ውስጥ ይሞታል፤ መንግሥቷ ግን ልጅሽ እዚያ አልሄደም ይላል። ምክር ቤት የሌለበት አገር እንዲህ ያለ ውሸት ሰባት ወር ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። የእናት አገር ጥሪ የተነገረው ከወረራው በፊት ነው፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም.። ሕዝቡ ጥሪውን ሰማ። መስማት ብቻ አይደለም፣ ተነሣ። ገበሬው ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ፣ ከሲዳሞ፣ ከየቦታው መጣ። የዚያ ጊዜ መንግሥት የሚሊሺያውን ቁጥር 300 ሺህ ይለው ነበር። በሰኔ ወር በአብዮት አደባባይ ሰልፍ አሳዩ። በየቀበሌው እናቶች ስንቅ አዘጋጁ። በሶ ተፈጨ፤ ቆሎ ተቆላ፤ ዳቦ ቆሎ ተጋገረ። ገንዘብ ያለው ገንዘብ ሰጠ። የጣት ቀለበቷንና የአንገት ወርቋን ያወጣች ሴት ብዙ ናት።

ይህን የሠራው ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። በግድ የዘመተ ነበር፤ ይህ አይካድም። ቀበሌው ስም ጽፎ ያስወጣው ሰው አለ። ነገር ግን ደርግን አምርረው የሚጠሉ ሰዎች እንኳ «አገር ተደፈረ» ሲባል ሄደዋል። የአድዋ ልጅ ነኝ፣ የማይጨው ልጅ ነኝ የሚል ሰው ማን በሥልጣን ላይ እንዳለ አይጠይቅም። ድንበሩን ይጠይቃል። የዚያ ዓመት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ትልቁ ጉዳትም የመጣው ከዚሁ ነው።

እንዴት? በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የሆነውን እናስታውስ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት በቤተ መንግሥት ተገደሉ። ሥልጣኑ ወደ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተጠቀለለ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ምክትላቸው የነበሩት ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተረሸኑ። ከዚያ ወዲያ በደርግ ውስጥ እኩያቸው የለም። በከተማው ደግሞ ቀይ ሽብር ነበር። ቤት ለቤት አሰሳ ነበር። በየመንገዱ የወጣት ሬሳ ይገኝ ነበር። በረሃ የዘመተው አባት ስለ አገሩ ይዋጋል፤ ከተማ የቀረው ልጁ በአገሩ መንግሥት ይገደላል። እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሆነ። ሕዝቡ ለአገሩ ወጣ። መሪው ግን የሕዝቡን መውጣት ለራሱ ሥልጣን ቆጠረው። «አገር ተወሯል» ሲባል የሚጠይቅ አፍ ይዘጋል። የጠየቀ ሰው የጠላት ወገን ይባላል።

ውጊያውን ባጭሩ እንለፈው። ድሬዳዋ በነሐሴ ተጠቃች፤ አልተያዘችም። ጅጅጋ ግን በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። ሐረር ወራት ያህል ተከበበች። አየር ኃይላችን በአሜሪካ ሠራሽ ኤፍ 5 አውሮፕላኖች ሰማዩን ያዘ። ከዚያ በኋላ የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በብዛት ገባ፤ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ የኩባ ወታደርም መጣ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። የካራማራ ድል የሚባለው ይህ ነው። ካራማራ ጅጅጋ አጠገብ ያለው ተራራ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሲያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ኩባዎችስ ጣልቃ ገቦች አይደሉም ወይ? ሞቃዲሾ እንዲህ ብላ ትከስ ነበር። መልሱ፣ ኩባዎች በኢትዮጵያ መንግሥት ተጠርተው የመጡ ናቸው፤ ሶማሊያ ግን ማንም ሳይጠራት ድንበር ጥሳ የገባች ናት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም የጠራቸው ያው መጠየቅ የማይቻል ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ አልተማከረም። የኩባም ሕዝብ አልተማከረም።

በጦርነቱ መካከል የኖረውን የኦጋዴን ሕዝብስ ማን አስታወሰው? ከብት አርቢው ሶማሌ ኢትዮጵያዊ አንዱ ጦር ሲመጣ «የእኛ ነህ» ይባላል፤ ሌላው ሲመጣ «ከጠላት ጋር ነበርክ» ይባላል። ውኃ ጉድጓዱ ተበላሸ፤ ከብቱ አለቀ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ሶማሊያ ተሰደደ።

በሞቃዲሾም የሕዝቡ ፊት ተለወጠ። ድል ሲነገር የጨፈረ ሕዝብ ሬሳና ስደተኛ ሲመጣ ዝም አለ። ሚያዝያ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አልተሳካም፤ ከተያዙት ብዙዎቹ ተረሸኑ። ካመለጡት አንዱ ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ነበሩ። መጠጊያ ያገኙትም በኢትዮጵያ ነው! ትናንት ከተዋጉት አገር ጥገኝነት ጠየቁ። እኚሁ ሰው በ1997 ዓ.ም. የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ መሪዎች ዓመታት ሙሉ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ እያስታጠቀ ኖረ። የጦር ምርኮኞቹም ወህኒ ቤት ቀሩ። ከእኛ ወገን ታዋቂው አብራሪ ለገሠ ተፈራ 11 ዓመት በሶማሊያ ታስረዋል። አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አምስተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

በእኛ አገር በጥር 1979 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ከዚያም ኮሎኔል መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ተባሉ። ብሔራዊ ሸንጎ የሚባል ምክር ቤትም ተቋቋመ። ወረቀቱ ላይ ሸንጎው ከሁሉ በላይ ነበር። በእውነቱ ግን ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱ መሪ፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ፣ የብቸኛው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሦስቱም አንድ ሰው ሲሆን ማን ማንን ይቆጣጠር?

ከመንገዳችን ትንሽ ወጣ እንበል። ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበረ። በ1954 ዓ.ም. አንድ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ እንግዳ እዚያ ለሁለት ወር ያህል ወታደራዊ ትምህርት ተማረ። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው። አገሩ ሲመለስ ተያዘ፤ 27 ዓመት ታሰረ። በ1986 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆኑ። አምስት ዓመት ገዙና በ1991 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ሥልጣን ለቀቁ። ሕዝቡ ይቆዩልን ቢል እንኳ የሚደንቅ አልነበረም። ወደ ታሪካችን እንመለስ።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በኤርትራ አፋቤት ላይ ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። መንግሥቱ በምሥራቅ ያለውን ጦር ወደ ሰሜን መውሰድ ፈለጉ። ሲያድ ባሬም ከተቃዋሚዎቻቸው መገላገል ፈለጉ። በዚያው ወር የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ለድንበሩ ስንት ሰው ሞቶ ነበር! ሰላሙ ግን የተፈረመው ለሞቱት ሰዎች ሲባል አይደለም፤ ሁለት መሪዎች ወታደር ስለቸገራቸው ነው። ያም ሆኖ ምርኮኞቹ ወደ ቤታቸው ገቡ። ይህ መልካም ነው።

በስምምነቱ መሠረት ኢትዮጵያ የሰሜን ሶማሊያ ተቃዋሚዎችን መርዳት አቆመች። እነርሱም መጠጊያ ሲያጡ በግንቦት ወር ቡራኦንና ሐርጌሳን አጠቁ። የሲያድ ባሬ መልስ ምን ነበር? የራሳቸውን ከተማ ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደቡ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያው ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ሕዝቡ ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ ሸሸ። የሸሸውም ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ጅጅጋ አካባቢ ነው። ሐርታ ሼክ ላይ ትልቅ የስደተኞች ሰፈር ተሠራ። ከአሥር ዓመት በፊት የሶማሊያ ታንክ በመጣበት አቅጣጫ አሁን የሶማሊያ እናቶች በእግራቸው መጡ። የጅጅጋ አካባቢ ሰውም ተቀበላቸው።

በአዲስ አበባ በግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ጦሩን የሚመራ ሰው እየጠፋ ሄደ። በጥር 1983 ዓ.ም. ሲያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሹ። ግንቦት 13 ቀን በዚያው በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። አንድ ጦርነት የተዋጉ ሁለት ፕሬዚዳንቶች በአንድ ዓመት ውስጥ አገራቸውን ጥለው ወጡ። የዘመተው ገበሬ ግን የሚሸሽበት አገር አልነበረውም።

አዲስ አበባ ያላችሁ አድማጮች፣ ከኮልፌ በታክሲ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብትሄዱ አጠገቡ ትግላችን ሐውልት አለ። በ1977 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ አለው። በዚያ ጦርነት የሞቱ የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ተደርድሮ ይታያል። የካቲት 26 ሲደርስ አንዳንድ ሰዎች ሄደው አበባ ያስቀምጣሉ። በሐርጌሳ መካከል ደግሞ ሌላ ሐውልት አለ። እዚያ የቆመው ሚግ አውሮፕላን ነው፤ ከተማይቱን ከደበደቡት አንዱ። ሕዝቡ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ።