ማኅበረሰብ ተኮር የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት

ማኅበረሰብ ተኮር የሚባለው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ ተቋሙ በሩን ከፍቶ አንባቢ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የማይመጣው ሰው ለምን እንደቀረ መርምሮ አሠራሩን የሚያስተካክልበት መንገድ ነው። ባለሙያው መጽሐፍ መመዝገቡንና መደርደሩን አይተውም። ግን የቦታ ርቀት፣ የሥራ ሰዓት፣ የቋንቋ ችግር፣ ቅጣት፣ አንዳንዴም የገዛ መሥሪያ ቤቱ ደንብ የእሱ ጉዳይ ይሆናል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ሕንዳዊው የሒሳብ ምሁር ኤስ. አር. ራንጋናታን፣ የሙያው መሠረት የሆኑትን አምስት ሕግጋት በ1931 አሳተሙ። አንደኛው ሕግ መጽሐፍ የሚቀመጠው ለአገልግሎት ነው የሚል ሲሆን፣ ሲያዩት ለክርክር የሚበቃ አይመስልም። ራንጋናታን ግን ከዚሁ ተነሥተው ሕንጻው የት መሠራት እንዳለበት፣ በሩ በስንት ሰዓት መዘጋት እንዳለበት፣ ወንበሩ ምን ያህል ሊመች እንደሚገባ ሁሉ ተከራክረዋል። በዚያው ዓመት በደቡብ ሕንድ በማናርጉዲ አካባቢ በበሬ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ ወደ መንደሮች መዞር ጀመረ።

በአሜሪካ ነገሩ ከርቀት የከበደ ነበር። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በተለያዩ አገሮች ከ2,500 በላይ የቤተ መጻሕፍት ሕንጻዎች እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጥተዋል፤ የሕንጻ መብዛት ግን በየቦታው በሩን ለሁሉም አላስከፈተም። በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የአሌክሳንድሪያ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በግብር የሚተዳደር ሆኖ ሳለ ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች አንድ በአንድ ገቡ። እያንዳንዱ የአባልነት ካርድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ፣ ለየብቻው ጠረጴዛ ይዞ በጸጥታ ማንበብ ጀመረ። ፖሊስ ተጠርቶ አስወጣቸውና ሥርዓት በማወክ ተከሰሱ። ዕቅዱን ያወጡት በሠፈሩ ያደጉት ወጣት ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበሩ። ከተማው የሰጠው መልስ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን አነስ ያለ ቤተ መጻሕፍት መክፈት ሆነ፤ ታከር የዚያን ቤት ካርድ አልቀበልም አሉ። ዋናው ቤተ መጻሕፍት በሩን ለሁሉም እስኪከፍት ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ፤ በወጣቶቹ ላይ የተመሠረተው ክስ በፍርድ ቤት በይፋ የተሰረዘው ደግሞ በ2019 ነው። 

እንዲህ ያለው ክልከላ በሕግ ከቀረ በኋላ ጸጥ ብሎ የሚሠራ ሌላ ከልካይ ነበር፤ የመዘግየት ቅጣት። ሳንቲሙ ትንሽ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ካርዱ ይታገዳል፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ አይመለስም። (ቅጣት ፈርቶ የተዋሰውን መጽሐፍ ፍራሽ ሥር ለደበቀ ተማሪ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።) ሳን ፍራንሲስኮና ቺካጎ ጉዳዩን ሲያጠኑ የታገዱት ካርዶች በድሃ ሠፈሮች በዝተው ተገኙ። ሁለቱም ከተሞች በ2019 ቅጣቱን ሰረዙ፤ ኒው ዮርክ በ2021 ተከተለች። የጠፋ መጽሐፍ ግን አሁንም ያስከፍላል።

ሳን ፍራንሲስኮ ከዚያ አስቀድሞም በሌላ ነገር ስሟ ይነሣ ነበር። መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ቀኑን በዋናው ቤተ መጻሕፍት ስለሚያሳልፉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በ2009 በአእምሮ ጤና የሠለጠነች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በቋሚነት ቀጠረ፤ ቀድሞ ራሳቸው ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎችም አብረዋት እንዲሠሩ አደረገ። ጥበቃ ጠርቶ ከማስወጣት ይልቅ መጠለያና ሕክምና ማፈላለግ የቤቱ ሥራ ሆነ።

በዚሁ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል በባለሙያነት ያገለገሉት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲያፈላልጉ በአማርኛ የሚሆን አጡ። በነገሌ ቦረና ተወልደው፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው በመሆኑ ጉዳዩ የራሳቸውም ታሪክ ነበር። በ1998 ለኢትዮጵያ ልጆች መጻሕፍት የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራቸውን ትተው አገር ቤት ከገቡ በኋላም በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ አካባቢ፣ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ መጣ። የጋሪው ጎንና ጎን ሲከፈት መደርደሪያው ይገለጣል፤ ልጆቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። መንገዱ ለመኪና ባይመችም አህያ አይቸግራትም፤ ነዳጅም አትጠይቅም። ከማናርጉዲው በሬ ጋር የሰባ ዓመት ልዩነት ቢኖርም የሁለቱ ስሌት አንድ ነው።

በሀብታም አገር ይኸው ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። በሄልሲንኪ ከፊንላንድ ፓርላማ ፊት ለፊት በዲሴምበር 2018 የተከፈተው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ከመታነጹ በፊት ነዋሪዎች ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ ተጠይቀው ነበር። ውጤቱን መሐለኛው ፎቅ ላይ ማየት ይቻላል፤ የልብስ ስፌት ማሽን፣ ባለ ሦስት አውታረ መጠን (3D) ማተሚያ፣ የሙዚቃ መቅረጫ ክፍል፣ ወጥ ቤት ሳይቀር አለ። መጻሕፍቱ ከላይኛው ፎቅ ናቸው፤ ቁጥራቸውም 100,000 ያህል ነው። አዲስ አበባም በ2022 መግቢያ አራት ኪሎ ላይ፣ እሷም ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ አብርሆት የተባለውን ቤተ መጻሕፍት ከፍታለች።

አካሄዱ ተቃዋሚ አያጣም። አንዳንዶች ስፌትና ማተሚያ የመጽሐፍ መግዣውን በጀት ይሻማሉ ይላሉ። ይበልጥ ክብደት ያለው ቅሬታ ግን የሚመጣው ከባለሙያዎቹ ከራሳቸው ነው። በፊላደልፊያ የማክፈርሰን አደባባይ ቅርንጫፍ ሠራተኞች፣ ከመጠን በላይ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው በግቢው ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ስለበዙባቸው፣ ናሎክሶን የተባለውን ማርከሻ መስጠት በ2017 ተምረዋል። ሕይወትም አድነዋል። ይህ ሥራ የሕፃናት ንባብ ለመምራት በተቀጠረ ሰው ላይ ለምን እንደወደቀ፣ የጤናና የመጠለያ መሥሪያ ቤቶች ድርሻስ የት እንደሚጀምር በሙያው ውስጥ እስከዛሬ ያከራክራል።