የጉዋርዳፉይ መብራት

እስቲ ካርታ ዘርጉና የአፍሪካን ቀንድ ጫፍ በጣታችሁ ፈልጉ። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከህንድ ውቅያኖስ በሚገናኝበት ላይ ባሕር ውስጥ ዘልቃ የገባች የመሬት አፍንጫ አለች። ሱማሌዎች ራስ አሲር ይሏታል፤ የዓለም ካርታ ግን ጉዋርዳፉይ ይላታል። ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ «እይና ሽሽ» የተባለ ይመስለዋል። ስሙ ከዚያ ባይመጣም ለቦታዋ የሚስማማ ነው።

ምን ያሸሻል? ነገሩ ወዲህ ነው። ከደቡብ የሚመጣ መርከብ ወደ ኤደን ለመዞር ይህችን ራስ አልፎ ወደ ግራ መታጠፍ አለበት። ነገር ግን ከእርሷ በስተ ደቡብ ራስ ሸናጌፍ የሚባል ሌላ ገደል አለ፤ መርከበኞች «ሐሰተኛው ጉዋርዳፉይ» ብለውታል። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። እኛ ክረምት በምንለው ወራት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ሞንሱን ባሕሩን ያናውጠዋል፤ አየሩንም ጭጋግ ያለብሰዋል። ካፒቴኑ ሐሰተኛውን አይቶ «ደረስን» ይልና ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያማ አሸዋና ድንጋይ ነው!

የስዌዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ የመርከቡ ብዛት ጨመረ፤ አደጋውም አብሮ በዛ። በ1877 ከሩቅ ምሥራቅ ወደ ፈረንሳይ ትመለስ የነበረችው ሜኮንግ የተባለች መርከብ እዚያው አካባቢ ሰጠመች። በሆዷ ከቬትናም የተወሰዱ የጥንት የቻም ሕዝብ ቅርጻ ቅርጾች ነበሩ።

የአገሩ ጌታ የመጀርቴኑ ሱልጣን ቦቆር ዑስማን ነበሩ። ባሕር የተፋውን ዕቃ መሰብሰብ ለባሕር ዳር ሰው የቆየ ገቢ ነው። እንግሊዞች ሱልጣኑ መርከበኞቻቸውን ከሞት፣ ዕቃቸውን ከዘረፋ ቢጠብቁላቸው በየዓመቱ ገንዘብ ሊከፍሏቸው ተስማሙ፤ መንግሥታቸው ግን ውሉን ሳያጸድቀው ቀረ።

ታዲያ መብራት ምን ይፈይዳል? ተራ ፋኖስ ብርሃኑን ወደ ሰማይም ወደ ምድርም ይበትናል። ፈረንሳዊው ፍሬኔል በ1820ዎቹ መላ አገኘለት፦ በፋኖሱ ዙሪያ የመስተዋት ቀለበቶችን ደርድሮ፣ የተበተነውን ብርሃን አጥፎ ወደ ባሕሩ አግድም ላከው። ከፍታም ያስፈልጋል፤ ምድር ክብ ናትና ከባሕር 100 ሜትር ከፍ ያለ ዓይን እስከ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። ዋናው ብልሃት ግን ምቱ ነው። አንዱ መብራት በየአምስት ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ ይላል፤ ሌላው ሁለቴ ብልጭ ብሎ ይጨልማል። ካፒቴኑ ሴኮንድ ቆጥሮ መጽሐፉን ያይና የትኛው ራስ እንደሆነ ያውቃል። መብራት ማለት እንግዲህ በጨለማ ስሙን የሚናገር መሬት ነው። ጉዋርዳፉይ ላይ የጠፋውም ይኸው ነበር።

ጣሊያኖች በ1924 እ.ኤ.አ. መብራቱን አቆሙ። ስሙን ማን አሉት? «ፍራንቼስኮ ክሪስፒ»! ክሪስፒን እናውቀዋለን። በ1889 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ ጣሊያን ከመጀርቴን ጋር የጥበቃ ውል፣ ከእኛ ጋር ደግሞ የውጫሌን ውል ተዋዋለች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦሩ ድል ሲሆን በጥቂት ቀን ውስጥ ከሥልጣኑ ወረደ። ዐድዋ ያወረደውን ሰው ፋሺስቶች በአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ላይ መልሰው ሰቀሉት።

በዚህም አላበቃም። ከ1925 እስከ 1927 ድረስ መጀርቴንን በጦር ከያዙ በኋላ፣ በ1930 መብራቱን በድንጋይ አድርገው እንደገና ሠሩት፤ ማማውንም የፋሺስት ምልክት በሆነው የበትር እስርና ምሳር አምሳል አነፁት። ብልጭታው ለመርከበኛው «እኔ እውነተኛው ጉዋርዳፉይ ነኝ» ሲል፣ ምሳሩ ለአገሬው «ጌታህ እኔ ነኝ» ይል ነበር። አንድ ማማ፣ ሁለት ቋንቋ።

መብራቱ ነፍስ ማዳን የሚችል ሥራ መሆኑን መካድ አይገባም፤ የሰጠመ ሰው የማማውን ስም አይጠይቅም። «ስልጣኔ አመጡልን» ብሎ ዝም ማለት ግን ሐሰተኛውን ራስ አይቶ እንደ መታጠፍ ነው። ዛሬ ፋኖሱ ጠፍቷል፤ የድንጋዩ ምሳር ግን አሁንም ባሕሩን እያየ ቆሟል። መንገድም ሆነ ድልድይ፣ ቅኝ ገዢ የሠራው ነገር ሁሉ ሲነሣ፣ ምን እንደ ሠራና ለማን ምን እንደ ተናገረ፣ ሁለቱንም እንጠይቅ።