ደንቆሮ ጫካ ለማን ተከለለ?

ሽርሽር ሲባል እኛ የከተማ ልጆች ቶሎ የሚመጣልን ውኃ ዳር ነው። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። ወሎ ድረስ የዘለቀ ሰው እንኳ ደሴን አልፎ ሐይቅ ላይ ዓሣውን በልቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ ይመለሳል። ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካነ ሰላምና ወደ አጅባር የሚታጠፍ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

እዚያ ያለው ሐይቅ ሳይሆን ጫካ ነው፤ ስሙም ደንቆሮ ጫካ። (አትሳቁ! እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ስቀናል።) ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 3,700 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ከታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲሉ አስታ፣ ከላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ። ጭላዳው፣ የምኒልክ ድኩላውና ነብሩ አሉ። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

በአገራችን የተጠበቀ ደን ድሮም የመዝናኛ ቦታ አልነበረም። እዚያው ሐይቅ ዳር ያለውን እስጢፋኖስን እንውሰድ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የወንዶች ገዳም ነው፤ እስከ ዛሬ ሴት አትገባበትም። ዛፉ የቆመው ሰው ስለሚፈራው ነው። «ፓርክ» የሚባለው ሐሳብ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ ደኑ ይከለል፣ ጎብኚ ይግባበት። አዋሽ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ ሰሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ተከተለ። ጎብኚው ሲገባ የሚወጣም ነበረ። ከረዩዎች አዋሽ ላይ የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ተራራውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ።

ደንቆሮ ጫካም የመንግሥት ደን ሆኖ ከኖረ በኋላ በ2001 ዓ.ም. የአማራ ክልል «ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ» አለው። ያን ጊዜ ስፋቱ ከ4 ሺህ ሄክታር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በኋላ የአጎራባቹ ደጋ ተጨምሮበት፣ ወረሂመኖም በስሙ ላይ ታክሎ ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነ። ይህ «ተጨመረ» የምትለው ቃል ወረቀት ላይ ቀላል ናት። ለቦረናና ለሳይንት ገበሬ ግን ግጦሽ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤት ክዳን ሣር ነው። ትናንት ከብት ይዞ የገባበት ጫካ ዛሬ ስካውት ይጠብቀዋል።

ሒሳቡ የሚገርመን እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ድርሻውን ከፍሏል። ጎብኚው፣ ማለትም እኛ፣ አልመጣንም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሎጅ የለም፣ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ጀልባ የለም፤ ሰበብ አናጣም። (ለላንጋኖ ሲሆን አርብ ማታ መኪና ለመከራየት የምንሯሯጠው እኛው ነን።) ጎብኚ ባልመጣበት አስጎብኚ አይቀጠር፣ በቅሎ አይከራይ፣ ለእንግዳ ተብሎ ቡና አይፈላ። «ፓርኩ ይጠቅማችኋል» የተባለው ሰው ጥቅሙን የሚያየው በምን በኩል ነው?

አሁንማ ጥያቄው ራሱ ቅንጦት መስሏል። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጦርነት ውስጥ ነው፤ ለሽርሽር ወደዚያ ውጡ ብለን አንቀሰቅስም። ጫካው ግን ጎብኚ ኖረም አልኖረም እዚያው ነው፤ በየጠዋቱ ማገዶ የሚያስፈልጋቸው ጎረቤቶቹም እንዲሁ።