ዲዲቲ በደቡብ ዋልታ በረዶ

ዲዲቲን የማያውቅ የከተማ ሰው አለ ለማለት ይቸግራል። ለወባ ትንኝ፣ ለቅማልና ለትኋን ሲረጭ የኖረ መድኃኒት ነው። ነፍሳት ገዳይነቱን በ1939 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወቀው ስዊሳዊው ኬሚስት ፖል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በአገራችንም የወባ መከላከያ ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት የቤቱን ግድግዳ ረጭተውበታል።

ማንም ያልረጨበት ምድር ካለ አንታርክቲካ ነው። ወባ የለ፣ እርሻ የለ። ይሁን እንጂ በ1966 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ አዴሊ በሚባሉት የዚያ አገር ፔንግዊኖች ሰውነት ውስጥ ዲዲቲ መገኘቱን አስታወቀ። ታዲያ በምን መንገድ ደረሰ? ከሞቃት አገር በትነት ተነሥቶ፣ በነፋስ ተጉዞ፣ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ከበረዶ ጋር የሚወርድ ከሆነ በረዶው ራሱ መመርመር ነበረበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፔንግዊን ከምግቡ ያገኘውን በስቡ ያጠራቅማል፤ በረዶ ግን እንዲህ አያጠራቅምም። አሜሪካዊው ቶኒ ፒተርል በ1969 ያሳወቀው መጠን በአንድ ሚሊዮን ቶን በረዶ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ነበር። ይህን ከሰፊው አህጉር ጋር አባዝቶ፣ በበረዶው ውስጥ 2,400 ቶን ያህል ዲዲቲ ተከማችቷል አለ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ትንሽ ቁጥር በትልቅ ሲባዛ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል።

መለኪያው እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1950ዎቹ መጨረሻ የሠራው መሣሪያ ነው። በውስጡ ካለ ራዲዮአክቲቭ ብረት የኤሌክትሮኖች ጅረት ይፈልቃል፤ ክሎሪን ያለበት ንጥረ ነገር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹን ይውጥና ጅረቱ ይቀንሳል። መሣሪያው መቀነሱን ይናገራል እንጂ የዋጪውን ስም አይናገርም። ስዊድናዊው ሶረን የንሰን ዲዲቲ ሲፈልግ ያልታወቁ ምልክቶች አስቸግረውት፣ በ1966 ፒሲቢ የተባሉ የፋብሪካ ኬሚካሎች መሆናቸውን ደርሶበታል። በዚያ ላይ ናሙናው የተያዘበት ዕቃ፣ ማጠቢያው፣ የጣቢያው ጭስ፣ የተመራማሪው ልብስ ሳይቀር የራሱን እድፍ ይጨምራል። አካፋውም ያው ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ከሰፈሩ ርቆ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቆፍራል፤ በረዶ ያልገባበትን ባዶ ዕቃም እንደ ናሙና ይመረምራል።

እንግሊዛዊው ዴቪድ ፒል በ1975 ባሳተመው ምርመራ ያገኘው መጠን ከፒተርል እጅግ ያነሰ ነበር። በእኔ እምነት የዚህ ታሪክ ጀግና እሱ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ይዞ መምጣት ጋዜጣ አያስጮህም።

ዲዲቲ መድረሱ ግን ሐሰት አልነበረም። በ2008 የወጣ ጥናት፣ በምዕራብ አንታርክቲካ ልሳነ ምድር የሚቀልጡት የበረዶ ግግሮች የቆየ ዲዲቲ ወደ ባሕር እየለቀቁ መሆናቸውን ገምቷል፤ በዓመት ከ1 እስከ 4 ኪሎ።