ንዝረት ቀላቢ፦ ለድሮ ጊታር ምትክ ሲመረጥ

ንዝረት ቀላቢ ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር ተቀምጦ የብረት ክርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ ከማግኔትና ከጥቅልል ሽቦ የተሠራ ክፍል ነው። ሙዚቀኞቻችን «ፒክአፕ» ይሉታል፤ ሆኖም ይህ ስም በዕለት ንግግር ለጭነት መኪና የተያዘ ነው፤ ስለ ዕቃው አሠራርም ለአማርኛ አንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። «ድምፅ ለቃሚ» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ግን ያሳስታል። ድምፅ የሚለቅመው የአየርን ሞገድ የሚቀበለው ማይክሮፎን ነው። ይህኛው ከበላዩ የሚርገበገበውን ብረት እንጂ አየሩን አያውቅም። ናይለን ወይም ጅማት የተወጠረበት ክራር ላይ ቢገጠም ዝም ይላል፤ እንዲህ ላለው ክራር ከአካሉ ላይ ተለጥፎ የእንጨቱን እርግብግቢት የሚቀበል ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል። «ቀለበ» የተወረወረን ነገር ሳይወድቅ ያዘ ማለት በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ቀለብ ከመስጠት ጋር ይምታታል የሚል ቢኖር፣ ከፊቱ ያለው «ንዝረት» ግርታውን ያስወግዳል።

አሠራሩ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ካሳየው ሕግ የመጣ ነው። ማግኔቱ በላዩ ያለውን የብረት ክር ራሱን ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ መለዋወጡም በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጆርጅ ቦሻምፕ በዚህ መንገድ የሠራው ጊታር በ1932 በሪከንባከር ኩባንያ በኩል አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ፤ የፈጠራ መብቱ ግን የተሰጠው በ1937 ነው። የጥቅልሉ ሽቦ እጅግ ስስ ነው። በ1950ዎቹ የፌንደር ስትራቶካስተር ላይ ያለው ሽቦ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው፣ ወደ 8,000 ጊዜ ተጠቅልሏል። እንግዲህ ቀላቢው የሚያደርገው የክሩን እንቅስቃሴ ይዞ ለቀሪው የኤሌክትሪክ መስመር ማቀበል ነው። ይህን የተረዳ ሰው ለድሮ ጊታሩ ምትክ ሲፈልግ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

በገበያ የተለመደው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ኦም ነው?» የሚል ነው። ኦም የሽቦውን ሬዚስታንስ የሚለካ አሃድ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀላቢው የበለጠ ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ የራሱ ታሪክ አለው። ለብቻው ተሸጦ በሌላ ጊታር ላይ የሚገጠም ምትክ ገበያውን የከፈተው ዲማርዚዮ በ1972 ያወጣው «ሱፐር ዲስቶርሽን» ነው፤ የተፈለገውም አምፕሊፋየሩን እስኪሻክር የሚገፋ ጉልበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ቁጥር እንደ ትልቅ ጥራት መታየት ጀመረ። ቁጥሩ ግን ብዙ ይደብቃል። ሽቦው ሲቀጥን፣ ርዝመቱ ሳይጨምር እንኳ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል። ለዚህ ከፌንደር ቴሌካስተር የተሻለ ማስረጃ የለም። በአንገቱ በኩል ያለው ቀላቢ በቀጭኑ ሽቦ ስለሚጠቀለል የኦም ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከድልድዩ በኩል ካለው ይበልጣል፤ ሆኖም ለስለስ ያለውና ጉልበቱ ያነሰው የአንገቱ ነው። ሙቀትም ቁጥሩን ይነካል። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በቀዝቃዛ ጠዋት 7,000 ኦም የተለካ ቀላቢ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ከ7,250 ኦም በላይ ያሳያል። ድምፁ ግን ያው ነው።

ከኦም ይልቅ የድምፁን ጠባይ የሚወስነው ኢንዳክታንስ፣ ማለትም ጥቅልሉ የኤሌክትሪክ ፍሰትን መለዋወጥ የሚቃወምበት መጠን፣ ነው፤ እሱም በዙሩ ብዛት፣ በጥቅልሉ ቅርፅና በውስጡ ባለው ብረት ይወሰናል። ኢንዳክታንሱ ከገመዱ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅም) ጋር ተጣምሮ ጊታሩ ጎልቶ የሚጮህበትን የድግግሞሽ ጫፍ ይፈጥራል። የአንድ የስትራቶካስተር ቀላቢ ኢንዳክታንስ 2.5 ሄንሪ ነው እንበል፤ የጥቅልሉ የራሱ ካፓሲታንስ 100 ፒኮፋራድ፣ የገመዱ ደግሞ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ይሁን። በ3 ሜትር ገመድ ጫፉ 5,000 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። ገመዱ 6 ሜትር ሲሆን ወደ 3,800 ኸርዝ ይወርዳል፤ ጆሮ የሚወጋው ጥራት ይለዝባል። እዚህ ላይ ከገመዱ በቀር የተነካ ነገር የለም። የድምፅ መቆጣጠሪያው ፖቴንሽዮሜትርም እንዲሁ ነው። በፌንደር ነጠላ ጥቅልሎች ላይ የተለመደው 250 ኪሎ ኦም በ500 ሲተካ ጫፉ ሹል ይሆናል፤ ድምፁ ይበልጥ ይነጥራል። ድምፁ ታፈነ ብሎ ቀላቢ ከመግዛት በፊት ገመዱንና ፖቴንሽዮሜትሩን መመርመር፣ የቀላቢውንም ከፍታ በዊንጮቹ ማስተካከል ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ታዲያ የኦም ቁጥር ከንቱ ነው?» የሚል ነው። ከንቱስ አይደለም። ሽቦው፣ ማግኔቱና ቅርፁ አንድ ዓይነት በሆኑ ሁለት ቀላቢዎች መካከል፣ ከፍ ያለው ቁጥር ብዙ ዙር መኖሩን ያመለክታል። ቁጥሩ ጨርሶ ዜሮ ወይም ወሰን የለሽ ሆኖ ሲገኝም ብልሽቱን ይጠቁማል። ስህተቱ የተለያየ አሠራር ያላቸውን በአንድ ሚዛን መመዘኑ ነው፤ ለምሳሌ ሀምባከር የሚባለው ባለሁለት ጥቅልል ቀላቢ 8 ኪሎ ኦሙ በሁለቱ የተከፈለ ስለሆነ ከአንድ ጥቅልል 6 ኪሎ ኦም ጋር አይነጻጸርም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ የድሮዎቹ ምስጢር በመለኪያ አይያዝም ይላል። ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ሴት ላቨር ለጊብሰን የፈጠረውና ከ1957 ጀምሮ በሌስ ፖል ጊታሮች ላይ የተገጠመው ሀምባከር ነው፤ የፈጠራ መብቱ በ1959 ተሰጠ። የእነዚህ ቀላቢዎች የዙር ብዛት ከአንዱ ወደ ሌላው በጉልህ ይለያይ ነበር፤ የተለያየ ደረጃ ያላቸው የአልኒኮ ማግኔቶችም በየተራ ተገጥመውባቸዋል። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት ላይሰሙ ይችላሉ። «የ1959 ድምፅ» የሚሸጥልን ነጋዴ «የየትኛው ጊታር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ልዩነቱም ቢሆን ከሽቦ፣ ከዙርና ከማግኔት የመጣ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚለኩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው የአመራረጥ ሥርዓት ግልጽ ነው። መጀመሪያ ኦሪጅናሉ በእርግጥ ሞቶ እንደሆነ ይጣራ። ዝም ያለ ቀላቢ ብዙ ጊዜ ችግሩ የተበጠሰ ወይም የዛገ ስስ ሽቦ ነው፤ ባለሙያ በድሮው ማግኔትና መያዣ ላይ እንደገና ሊጠቀልለው ይችላል። የደከመ የአልኒኮ ማግኔት ተመልሶ ኃይል ይሞላል። በከፍተኛ ድምፅ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ ላላ ያለውን ጥቅልል በሰም መንከር ይረዳል። መተካት ግድ ሲሆን፣ አዲሱ የጊታሩን እንጨት ሳያስቦረብር በቦታው የሚገባ ይሁን፤ ከየክሩ ሥር የሚቆሙት የቀላቢው ምሰሶዎችም በትክክል በቦታቸው ይዋሉ፤ የፌንደር ድልድይ ክሮች ከጊብሰን ይልቅ ትንሽ ይራራቃሉና። የድሮውን በጭፍን መኮረጅም አይበጅም። የ1950ዎቹ ስትራቶካስተር የሦስተኛው ክር ምሰሶ ከፍ ያለው በዚያ ዘመን ያ ክር ሽቦ የተጠመጠመበት ስለነበር ነው፤ ዛሬ ያልተጠመጠመ ክር የሚጠቀም ሰው ይህን ቅጂ ሲገጥም ሦስተኛው ክር ከሌሎቹ ያይላል። ነጠላ ጥቅልል የመብራት መስመሩን ጉርምርምታም አብሮ ይቀልባል፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ በ50 ኸርዝ፣ በአሜሪካ በ60። ይህን መታገሥ የማይፈልግ፣ በነጠላው ቦታ የሚገባና ሁለት ጥቅልሎች የተደራረቡበት ዓይነት አለለት፤ ድምፁ ግን ከነጠላው በመጠኑ ይለያል።

የተነቀለውን ኦሪጅናል ከዊንጮቹ ጋር አስቀምጡት፤ በድሮ ጊታር ዋጋ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ከሻጭ ዘንድ ስትቀርቡ ኢንዳክታንሱን፣ የማግኔቱን ዓይነት፣ የሽቦውን ውፍረትና የምሰሶዎቹን ርቀት ጠይቁ። ከኪሎ ኦም ሌላ የሚነግራችሁ ከሌለው፣ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት።